ሞያሌ ለሥራ ለሚሄድ ሰው፦ መስመሩ የት አለ፣ የት የለም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላና በያቤሎ አድርጎ 770 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው በመጨረሻ የሚደርስባት ሞያሌ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናት። አንዷ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ሌላዋ በኬንያ የማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ትገኛለች። የሚለያያቸው መስመር መጀመሪያ በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል በተፈረመ ውል ተሰመረ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያና ኬንያ ራሳቸው ተፈራረሙበት። በመምህርነት፣ በጤና ባለሙያነት ወይም በንግድ ወደዚያ የሚሄድ አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል፦ ወይ ሕዝቡ በመስመሩ የተከፈለ ይመስለዋል፣ ወይ ደግሞ ሕዝቡ ሲመላለስ አይቶ ሕጉም የሌለ ይመስለዋል።

የሕጉ ነገር ይቀላል። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ መርቀው በከፈቱት የጋራ የድንበር ኬላ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ሕንፃ ስለሚሠሩ፣ የመውጫውንም የመግቢያውንም ማኅተም በአንድ ቦታ ይጨርሳሉ። የአካባቢው ነዋሪ ለገበያና ለልቅሶ በቀላሉ ሲሻገር ያያሉ፤ ያ ግን የእርሱ ነዋሪነት የሚሰጠው ነገር ስለሆነ፣ እርስዎ ፓስፖርትዎን ይዘው በኬላው ይለፉ እንጂ የጎረቤትዎን ልጅ ተከትለው በጓሮ አይሻገሩ። ብርና ሽልንግም ጎን ለጎን ይሠራሉ። የብር ምንዛሬ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ ትላንት የሰሙትን ዋጋ ይዘው ዛሬ አይደራደሩ።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ሰዓት ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ ሰዓት አንድ ነው፤ ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ከንጋት ይቆጥራልና «ሳ ምቢሊ» ያለዎት ሰው የእኛኑ ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሰው ግን በእንግሊዝኛ ሲናገር ወይም በወረቀት ሲጽፍ ስምንት ይላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በጽሑፍ የተላከልኝን «2» በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አድርጌ ወስጄው፣ በተዘጋ በር ፊት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ቀጠሮ በያዙ ቁጥር «በየትኛው አቆጣጠር?» ብለው ይጠይቁ፤ ማንም አይስቅብዎትም። ከኬላው ወዲያ መኪና በግራ በኩል ስለሚሄድ፣ በእግርዎ መንገድ ሲያቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይመልከቱ። የሚሳፈሩበት ሞተር ሳይክል በኬንያ በኩል ቦዳ ቦዳ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ድንበር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው፤ የተወለደው ግን እዚህ ሳይሆን በኬንያና በኡጋንዳ ወሰን ላይ ነው።

ወደ ሰዎቹ ቤት ሲገቡ መስመሩ ይጠፋል። ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪና ቡርጂ በሁለቱም በኩል አሉ፤ ሠርጉ ወዲህ፣ ልቅሶው ወዲያ ይሆናል። ሰላምታው ረጅም ነው፦ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ሣሩ ይጠየቃል፤ እርስዎም ሳይቸኩሉ ይመልሱ። ከብት ስንት እንዳላቸው ግን አይጠይቁ፤ የሰው የባንክ ሒሳብ እንደ መጠየቅ ነው። በቦረና ቤት ቡና ቀላ ከቀረበልዎ ስሙ አያሳስትዎት፤ «ቀላ» የአማርኛው ቀለም ሳይሆን በኦሮምኛ ማረድን ያመለክታል። ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ ይጠበሳል፤ እየተንጣጣ ሲፈነዳ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ከዚያ ወተት ይጨመርበትና ሽማግሌው ይመርቃል። ፍሬውን እንደ ቆሎ ያላምጡ፤ በምርቃቱ መካከል ስልክ አያንሡ።

አሁን ወደ ውጥረቱ እንምጣ። ከሩቅ የሚመለከት ሰው ግጭቱ የኢትዮጵያውያንና የኬንያውያን ይመስለዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ጠብ የሚነሣው በእያንዳንዱ አገር ውስጥ፣ ወረዳው ወይም ሥልጣኑ የማን ነው በሚለው ጥያቄ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ከተማዋ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ የሚነሣባት ስለሆነች ሁለት አስተዳደሮች አሏት። በኬንያ በኩል ካውንቲዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ካገኙ ወዲህ ምርጫ የጎሣ ሒሳብ ያስነሣል፤ በዚያው ዓመት በኬንያዋ ሞያሌ በተነሣው ግጭት ብዙዎች ወደ ኢትዮጵያ ሸሽተዋል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. (በ2018 እ.ኤ.አ.) ደግሞ በተራው፣ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሲቪሎች በወታደሮች ከተገደሉ በኋላ ሺዎች ወደ ኬንያ ተሻግረዋል። ስደቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ዘመድ ቤት ነው፤ ስለዚህ የወዲያው ኀዘን የወዲህ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ቀላል ነው፤ ለመፈጸም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። የተዋወቁትን ሰው ጎሣ በመጀመሪያው ቀን አይጠይቁ፤ በቋንቋውም አይገምቱ፤ ገሪዎች ለምሳሌ ኦሮምኛም ሶማልኛም ይናገራሉ። ቤት የተከራዩበት ሰፈር የአንድ ወገን ከሆነ፣ አስቤዛውን ከሌላው ወገን ሱቅ ይግዙ፤ እንግዳ ማን ጋ ቆሞ ሻይ እንደሚጠጣ ሁሉም ያያል። ከብት ተዘረፈ ወይም ሰው ተጎዳ የሚል ወሬ ሲሰሙ ለሌላ ሰው ከማስተላለፍዎ በፊት በሁለቱም ወገን የሚያምኑትን አንድ አንድ ሽማግሌ ይጠይቁ። ሽማግሌዎቹ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፦ በ2005 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኬንያ ቱርቢ ላይ ከደረሰው እልቂት በኋላ ገብራና ቦረና በ2009 እ.ኤ.አ. ማይኮናና ዋልዳ ላይ ተሰብስበው ለግድያና ለዝርፊያ የሚከፈለውን ካሣ በከብት ቆጥረው ተስማምተዋል።

ሥራዎ ከውኃ ጋር የሚያያዝ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምሩ። ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች ባለቤት አልባ አይደሉም፤ ጉድጓዱ የራሱ አባት ማለትም አባ ኮንፊ አለው፤ የማጠጫውን ተራ የሚያስይዘው ደግሞ አባ ሄረጋ ነው። ፓምፕ ይዘው ከመድረስዎ በፊት በየትኛው ቀን የማን ከብት እንደሚጠጣ ይጠይቁ፤ ተራው ካለፈበት ሰው ጋር የሚነሣውን ጠብ የሞተር ድምፅ አያበርደውም።