እጅ ላይ የተሰፋ የብሽሽት ፍላፕ እንዳይሞት እንዴት እናስታምም?

እጁ በማሽን ወይም በመኪና አደጋ ተልጦ አጥንትና ጅማቱ ለታየ ሰው፣ ሐኪሞች ከብሽሽቱ ቆዳ ከነስቡ አንስተው እጁ ላይ ሊሰፉለት ይችላሉ። ዎርድ ውስጥ ሁሉም "ፍላፕ" ይለዋል። ቆዳው ከብሽሽቱ ሙሉ በሙሉ አይቆረጥም፤ እጁና ብሽሽቱ እንደተያያዙ ሦስት ሳምንት ገደማ ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1972 የተገለጸ ዘዴ ቢሆንም፣ በማይክሮስኮፕ የደም ስር መቀጠል በማይቻልበት ቦታ ዛሬም ብዙ እጅ ያተርፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፍላፑ የሚኖረው ከብሽሽቱ በሚመጣለት ደም ብቻ ነው። የአስታማሚ ስራም ይህችን የቆዳ ድልድይ መጠበቅ ነው።

1. ሲጋራ፣ ሺሻና ጫት ይቁም። ትንንሾቹን የደም ስሮች ያጠብባሉ። ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ጥገና ከሆነ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት፣ ድንገተኛ ከሆነ ከዚያችው ሰዓት ጀምሮ። ጠያቂም አጠገቡ አያጭስ።

2. ድልድዩ እንዳይታጠፍ፣ እንዳይወጠር፣ ምንም እንዳይጫነው ያድርጉ። ከክርኑና ከጉልበቱ ስር ትራስ ይግባ። አደገኛው ሌሊት ነው፤ ሰው በእንቅልፍ ልቡ እጁን ይስባል። ስለዚህ ክንዱ ከወገቡ ጋር በሰፊ ፋሻ ይያዛል፤ ፋሻው ግን በድልድዩ ላይ ማለፍ የለበትም።

3. ይመልከቱ፣ ይዳስሱ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ነርሶቹ በየሰዓቱ ሊያዩት ይችላሉ፤ እርስዎም እንዴት እንደሚታይ ያሳዩኝ ይበሉ። መብራቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ብዙ ሰው የፍላፑን ቀለም ከእጁ ጋር ሲያስተያይ ይሳሳታል፤ የብሽሽት ቆዳ ነውና ከብሽሽቱ ጋር ያስተያዩት። በታጠበ ጣት ቀስ ብለው ተጭነው ይልቀቁ፤ የሸሸው ቀለም በሁለት ሰከንድ አካባቢ መመለስ አለበት። ከገረጣ፣ ከቀዘቀዘና ቀለሙ ከዘገየ ደም እየገባ አይደለም። ካበጠ፣ ከጠቆረ ወይም ሐምራዊ ከሆነና ቀለሙ እጅዎን ሳያነሱ የሚመለስ ከመሰለ፣ የገባው ደም መውጫ አጥቷል። ይህኛው ያታልላል፤ "ይሞቃል እኮ፣ ደህና ነው" ያሰኛል። በጠይም ቆዳ ላይ ከቀለሙ ይልቅ እብጠቱ፣ መወጠሩና ማብረቅረቁ ቶሎ ይናገራሉ። ሁለቱም ምልክቶች የዶክተሮቹን የጠዋት ዙር አይጠብቁም፤ ወዲያው ነርስ ይጥሩ። አንዳንዴ እጁን ማስተካከል ወይም አንድ ስፌት መፍታት ብቻ ፍላፑን ያድነዋል። ፋሻና ስፌት ግን በራስዎ እንዳይፈቱ።

4. በሽተኛው አይብረደው። ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይበቃል። በፍላፑ ላይ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክም በረዶም አይደረግም፤ ቆዳው ስሜት ስለሌለው እየተቃጠለ አያውቅም። ሐኪም ካልከለከለ ውኃ በደንብ ይጠጣ፤ እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ ይብላ። ስኳር ካለበት መጠኑ ይለካ።

5. ቅቤና ማር አይቀቡ። ብሽሽት ስለሚያልብ ንጽሕናውንና ድርቀቱን እንዴት እንደሚጠብቁ ነርሷን ይጠይቁ። ጣቶቹንና ትከሻውን ፊዚዮቴራፒስቱ ባሳየው ልክ ያንቀሳቅስ፤ አለበለዚያ ፍላፑ ድኖ ትከሻው ይደርቃል።

ድልድዩ ከመቆረጡ በፊት ሐኪሙ ለጊዜው አጥብቆ ይዞ ፍላፑ ቀለሙን ይለውጥ እንደሆነ ሊፈትን ይችላል። ከተቆረጠ በኋላም ለጥቂት ቀናት ያው መመልከት፣ ያው መዳሰስ ይቀጥላል።