የውኃ መፍሰስን የሚጠቁም ሴንሰር ለቤት እንዴት ይመረጣል? የትስ ይቀመጣል?

ውኃ በፈረቃ በሚያገኙ የአዲስ አበባ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ይህን ያውቀዋል። ውኃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧ ይከፈታል፤ ጠብ የሚል ነገር እንደሌለ ታይቶ ሳይዘጋ ይረሳል፤ ከዚያ ውኃው እኩለ ሌሊት ላይ ወይም ቤቱ ተቆልፎ ሰው በሌለበት ይመጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ቀን ከከተማ ውጭ ሰንብቼ ወደ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ስመለስ በራፌ ላይ ቆመው የጠበቁኝ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ሲዘንብብን ነው ያደረው» አሉኝ። የወጥ ቤቴ ቧንቧ ተከፍቶ አድሮ፣ የሲንኩን መውረጃ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ደፍኖት፣ ሞልቶ የፈሰሰው ውኃ በሶሌታው ሰርጎ የዓመት በርበሬና ሽሮ ያስቀመጡበትን መደርደሪያ አርሶታል። አንድ ቧንቧ በደቂቃ 8 ሊትር ቢያወርድ በ8 ሰዓት 3,840 ሊትር ይፈስሳል፤ ይህም ሁለት ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ለመሙላት ጥቂት የቀረው ውኃ ነው።

ከዚያ በኋላ ሴንሰር ለመግዛት ስነሣ መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር፣ በዚያች ሌሊት ወለሉ ላይ አንድ የሚጮህ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር የሚል ነበር። መልሱ ምንም የሚል ነው፤ ቢጮህም የሚሰማው ሰው አልነበረምና። ሴንሰር ራሱ ውኃ አይዘጋም። ጥቅም የሚሰጠው ውኃው ከሁሉ ቀድሞ በሚደርስበት ቦታ ሲቀመጥና ጩኸቱ ውኃውን መዝጋት ለሚችል ሰው ሲደርስ ብቻ ነው። የሚከተለው አካሄድ የተዘጋጀው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግዢ በፊት፦ ውኃው የሚዘጋበትን ቦታ ማወቅ

በቅድሚያ የቤትዎን ዋና መዝጊያ፣ የቧንቧ ሠራተኞች ሳራኪኒስካ የሚሉትን፣ ፈልገው ያግኙ። ብዙውን ጊዜ ከቆጣሪው አጠገብ ይገኛል። ለዓመታት ሳይነካ የኖረ መዝጊያ ዝገትና ደለል ስለሚይዘው በጭንቅ ሰዓት በኃይል ሲዞር ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ በሰላሙ ቀን በቀስታ ዘግተው መልሰው ይክፈቱት። አልዞርም ካለ ወይም ተዘግቶም ውኃ ካሳለፈ በሩብ ዙር በሚዘጋ ባለ ኳስ ቫልቭ ያስቀይሩት። ይህ ወጪ ከሴንሰሩ መቅደም አለበት።

ሮቶ ያለው ቤት ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ማስተዋል ይኖርበታል። ቆጣሪው ጋ ያለው መዝጊያ የሚያቆመው ከመንገድ የሚመጣውን ውኃ ነው፤ ጣሪያ ላይ ወይም ማማ ላይ ያለው ሮቶ ግን ሙሉውን ውኃ በራሱ ክብደት ወደ ቤት ማውረዱን ይቀጥላል። ቆጣሪውን ዘግተው ውኃው አልቆም ሲላቸው የሚደናገጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከሮቶው የሚወጣውን መስመር የሚዘጋው ቫልቭ የት እንዳለ ይለዩ፤ ከሌለው ያስገጥሙለት፤ እጀታውንም ቀይ ቀለም ቀብተው ለቤተሰቡ ሁሉ፣ ለቤት ሠራተኛዋም ጭምር ያሳዩ።

በዚያው ቀን ቤቱ አሁን የሚያፈስስ መሆኑን መፈተሽ ይጠቅማል። ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው የቆጣሪውን ቁጥር ይመዝግቡ፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሰው ይዩት። ሮቶ ካለ ግን ቆጣሪው ብቻውን ያሳስታል፤ ሮቶው እየሞላ ከሆነ ምንም ሳይፈስስ ይቆጥራል፤ ከሮቶው በታች ያለው ቧንቧ ሲያፈስስ ደግሞ ፍሳሹ ወዲያው ላይታይበት ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ ሮቶው የሚገባውን መስመር ዘግተው የውኃውን ከፍታ በምልክት ይያዙና ማታ የነበረበትን ጠዋት ካለበት ጋር ያነጻጽሩ። በሰከንድ አንድ ጊዜ ጠብ የሚል ቧንቧ በቀን ወደ 20 ሊትር ያወጣል። በትልቅ ሮቶ ላይ ይህ በዓይን ለመለየት የሚያስቸግር ልዩነት ነውና ከአንድ ሌሊት በላይ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

የትኛውን ዓይነት መግዛት?

የመሣሪያው አሠራር ቀላል ነው። ከሥሩ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የብረት ነጥቦች አሉት፤ የቧንቧ ውኃ የሟሙ ማዕድናት ስላሉት ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ውኃው ሁለቱን ነጥቦች በነካ ጊዜ ደካማ የባትሪ ኃይል በመካከላቸው ይተላለፍና መሣሪያው ይጮሃል። ከዚህ የምንረዳው ትልቅ ነገር አለ፤ ሴንሰሩ የሚያውቀው ራሱ የቆመባትን አንዲት ቦታ ብቻ ነው። ውኃው ከእሱ አንድ ጣት ርቆ ቢያልፍ ዝም ይላል።

ርካሹ ዓይነት በባትሪ ብቻ የሚሠራና የሚጮህ ነው። አብዛኞቹ በአንድ ሜትር ርቀት ወደ 85 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ አላቸው። ይህ በአንድ ክፍል ውስጥ ጆሮ የሚበጥስ ነው፤ ሁለት በር ተዘግቶ የተኛን ሰው ለመቀስቀስ ግን ላይበቃ ይችላል። ሁልጊዜ ሰው በሚኖርበት ትንሽ ቤት፣ በተለይ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ ይህ ዓይነት በቂ ነው፤ ለመጀመሪያ ግዢም የምመርጠው እሱን ነው። የሪሞት ድንጋይ የሚባለውን ትንሹን ባትሪ ወይም ባለ 9 ቮልቱን የሚጠቀም ይሁን፤ ሰፈር ሱቅ የማይገኝ ባትሪ የሚፈልግ መሣሪያ ከዓመት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ መቅረቱ አይቀርም።

ቤቱ ባዶ የሚውል ከሆነ በዋይፋይ ወደ ስልክ መልእክት የሚልክ ሴንሰር ያስፈልጋል። ሲገዙ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ እነዚህ ሴንሰሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሆነ ራውተርዎ ላይ ያ ሞገድ የተከፈተ መሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛ፣ መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ስለሚጠፋ መልእክቱ አይደርስም፤ በመሆኑም ሴንሰሩ ራሱም የሚጮህ ይሁን፣ ራውተሩም ለጥቂት ሰዓታት በሚያቆየው አነስተኛ የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ይሰካ። መልእክቱ ለአንድ ስልክ ብቻ ሳይሆን ቅርብ ላለ ለሌላ ሰውም እንዲደርስ የሚፈቅድ መተግበሪያ ከሆነ እጅግ የተሻለ ነው።

ከአሜሪካ ዘመድ እንዲያመጣልዎ ካሰቡ ይጠንቀቁ። በራሳቸው ማገናኛ ሣጥን የሚሠሩ አንዳንድ ዓይነቶች ለሰሜን አሜሪካና ለአውሮፓ የሚመረቱት በተለያየ የራዲዮ ሞገድ ስለሆነ ሴንሰሩን ከአንዱ፣ ማገናኛውን ከሌላው አገር ገዝቶ ማዋሐድ አይቻልም። ማገናኛው ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራ ከሆነም 220 ቮልት መቀበሉን ጀርባው ላይ ያንብቡ፤ 110 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል።

ውኃውን በራሱ የሚዘጋ ባለ ሞተር ቫልቭም አለ። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ ሆኖም ሮቶ ባለው ቤት ከሮቶው በኋላ ባለው መስመር ላይ ካልተገጠመ ከላይ የተናገርኩት ችግር ይደርስበታል። መብራት ሲጠፋ የሚያንቀሳቅሰው ባትሪ የሌለውንም አይግዙ። የፍሰትን መጠን እየለኩ «ያልተለመደ አጠቃቀም» የሚያስጠነቅቁትን ደግሞ በፈረቃ ውኃ ለሚኖር ቤት አልመክርም። ውኃ ጠፍቶ ሲመለስ በቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ አየርና ደለል ቀድሞ ይመጣል፤ አየሩ መለኪያውን በከንቱ ያሽከረክረዋል፤ ደለሉ ይደፍነዋል፤ በሐሰት ማስጠንቀቂያ የተሰላቸ ባለቤትም በመጨረሻ ያጠፋዋል።

አቀማመጥ

አቀማመጡን የሚወስነው የወለሉ ዝንባሌ ነው። ወለል ለዓይን ደልዳላ ቢመስልም ውኃ የራሱን መንገድ ያውቃል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቦታ ሴንሰሩን ከማኖርዎ በፊት አንድ የቡና ስኒ ውኃ ሊያፈስስ ከሚችለው መጋጠሚያ ሥር ቀስ ብለው ያፍስሱና ተንበርክከው ይዩት። መጀመሪያ ክብ ሆኖ ይቆማል፤ ከዚያ አንድ ቀጭን ምላስ ያወጣል፤ ምላሱ የሴራሚኩን መጋጠሚያ መስመር ተከትሎ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል። ሴንሰሩ የሚቀመጠው በዚያ ምላስ መንገድ ላይ፣ ለምንጩ ቀረብ ብሎ ነው። እኔ ሲንኬ ሥር በዚህ መንገድ ስፈትሽ ውኃው እንደጠበቅሁት ወደ በሩ መምጣቱን ትቶ ወደ ኋላ ግድግዳው ሄደ፤ በግምት አስቀምጬው ቢሆን ኖሮ ሴንሰሩ የሚረጥበው ቁም ሣጥኑ ሁሉ ከራሰ በኋላ ነበር።

አንድ ሴንሰር ብቻ መግዛት የሚችል ሰው ወጥ ቤት ሲንክ ሥር ያኑረው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካለ ግን ከማሽኑ ኋላ። ሁለቱም ቦታዎች ከዓይን የተሰወሩ ናቸው፤ ሁለቱም ዘንድ ሁልጊዜ ግፊት የሚሸከም ፍሌክሲብል (በሽቦ የተሸፈነ ተጣጣፊ ቱቦ) ወይም ጎማ አለ። ውኃ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ግፊት ቀድሞ የሚፈትነው ይህን ነው። በፍሌክሲብሉ ሽቦ ላይ ዝገት፣ እጥፋት ወይም የተበጠሰ ክር ካዩ ሴንሰር አይጠብቁ፤ ይቀይሩት። አምስት ዓመት የሞላውንም ደህና ቢመስል መቀየር ይሻላል። የማሽኑ ሴንሰር በንዝረት እንዳይሸሽ ከሥሩ ነጥቦቹን በማይሸፍን መንገድ በሁለት ወገን የሚለጠፍ ፕላስተር ይያዝ፤ ወይም ሣጥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነጥቦቹ ብቻ በገመድ ወርደው ወለሉን የሚነኩበት ዓይነት ይመረጥ።

ቦይለሩ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። 50 ሊትር ውኃ ከ20 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ይጨምራል፤ ትርፉም በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ይህ የጤና ነው፤ ቫልቩን ለመድፈን መሞከር ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ስለዚህ ከቫልቩ የሚወጣውን ጠብታ በቀጭን ቱቦ ወደ መውረጃው ይውሰዱት፤ ሴንሰሩን ከቫልቩ ሥር ሳይሆን ቦይለሩ ራሱ ሆዱ ቢዝግ ከሚያንጠባጥብበት ወገን ያድርጉት። መታጠቢያ ቤቱ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ሴንሰሩን ውስጥ ማኖር ትርፉ ጩኸት ነው፤ ከደፉ ውጭ፣ ደረቁ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ በር አልፎ የወጣ ውኃ ያለ ጥርጥር ችግር ነውና።

ለሽንት ቤት፣ ውኃ ወደ ማጠራቀሚያው የሚገባበት ፍሌክሲብል ሥር ማስቀመጥ ይበቃል። ምድር ቤት የሚኖሩ ሰዎች በወለል መውረጃው አጠገብ አንድ ቢጨምሩ መልካም ነው፤ የሕንፃው መስመር ሲደፈን ከላይ ያሉት ሁሉ ያፈሰሱት የሚመለሰው በእነሱ መውረጃ ነው። ሮቶው በረንዳ ላይ ወይም ጣሪያ ሥር ያለበት ቤት ደግሞ ረጅም የገመድ ሴንሰር ያስፈልገዋል፤ ገመዱ በሙሉ ርዝመቱ ውኃ ስለሚለይ በሮቶው እግር ዙሪያ ይጠመጠማል። ተንሳፋፊው ኳስ ተበላሽቶ ሮቶው ሲሞላና ሲትረፈረፍ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው። ዝናብ የሚደርስበት ከሆነ ግን ክረምቱን በሙሉ ይጮሃል።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ሲያፈስስ ወለል ላይ ያለ ሴንሰር ለሳምንታት ላያውቅ ይችላል። እዚያ ዓይንና አፍንጫ ይሻላሉ፦ የሚነፋ ቀለም፣ ጥቁር ሻጋታ፣ የእርጥበት ሽታ።

መፈተንና መጠበቅ

ካስቀመጡ በኋላ ጥቂት ውኃ ባለው የስኒ ማስቀመጫ ላይ አኑረው ያስጩኹት፤ ጣት መንካት ብቻ በቂ ፈተና አይደለም። ከዚያ ሌላ ሰው እንዲያስጮኸው አድርገው እርስዎ መኝታ ክፍል ገብተው በሩን ዘግተው ያድምጡ። ካልተሰማ ነጥቦቹ በገመድ የሚወርዱበትን ዓይነት ገዝተው ሣጥኑን ድምፁ ሊሰማ ወደሚችልበት ስፍራ ያቅርቡ። የዋይፋዩን ዓይነት ራውተሩ በርቶም ጠፍቶም ይፈትኑት።

ፈተናውን በየወሩ መጀመሪያ ይድገሙት። ባትሪውን በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ መቀየር ለማስታወስ ይቀላል። ወለል በበረኪና ከታጠበ በኋላ የሴንሰሩን ነጥቦች በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁ፤ የበረኪና ቅሪት ብረቱን ይበላዋል፤ ዝገት የሸፈነው ነጥብም ውኃ ውስጥ ቢነከር ላይጮህ ይችላል።

የጮኸ ዕለት ውኃው ሶኬት፣ ኤክስቴንሽን ወይም ቦይለር አጠገብ ደርሶ እንደሆነ እግርዎን ከማስገባትዎ በፊት ከደረቅ ቦታ ሆነው የመብራት ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር ያውርዱ። ቀጥሎ የሮቶውን፣ ከዚያ የመንገዱን መስመር ይዝጉ። ወለሉን መጥረግ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ከታች ሰው ካለ ግን ከመጥረግዎ በፊት ደውለው ይንገሩ።

ከከተማ ሲወጡ ዋናውን መስመርና የሮቶውን መውጫ ዘግተው፣ የቦይለሩንም ማብሪያ አጥፍተው ይሂዱ፤ ቁልፍም ለሚያምኑት ጎረቤት ይተዉ። እኔ ቁልፌን የምተወው ከታች ላሉት እናት ነው። የስልክ መልእክቱ ለእኔና ለልጃቸው ይደርሳል፤ ሳራኪኒስካው ወዴት እንደሚዞርም እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው አዙረው ዘግተው አይተውታል።