ከላሊበላ ደሴ፦ ቅርጻ ቅርጽ ሳይሰበር በመኪና እንዴት ይጓዛል?

ድንጋይም ሆነ ጀሶ ሲጫኑት ብዙ ይችላል፤ ሲያጎብጡት ግን አይችልም። መንገድ ላይ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ ወድቆ ሳይሆን አንገቱ ወይም ክንዱ ለሰዓታት ሲርገበገብ ቆይቶ ነው። ስለዚህ አስተሻሸጉ ክብደቱን ጠንካራው ክፍል ብቻ እንዲሸከም የሚያደርግ መሆን አለበት። (የተመዘገበ ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከቦታው ከመንቀሳቀሱ በፊት ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ያስፈልጋል።)

በቅድሚያ ከአራቱም አቅጣጫ ፎቶ ያንሱት። ሸክላ ከሆነ እንስራ ሲገዛ እንደሚደረገው በጥፍር መታ መታ ያድርጉት፤ ድምፁ ከታፈነ ስንጥቅ አለው። ሲያነሱት ከሥሩ እንጂ ከክንዱ አይያዙ።

ቀጥሎ በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ይጠቅልሉት። ጋዜጣ ቀለሙ ጀሶ ላይ ይታተማል። ጭድ ደግሞ የለመድነው ቢሆንም ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ ንቅናቄው እያደቀቀ ያወርደዋል፣ ቅርጹም ቀስ በቀስ ሰምጦ የሣጥኑን ወለል ይነካል።

ሣጥኑን በሞራሌ አጥንት ላይ በ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሥሩት፤ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር የስፖንጅ ቦታ ይተዉ። አንዱን ጎን በብሎን የሚከፈት ያድርጉት፤ ሚስማር ሲመታ ውስጥ ያለው ይናወጣል። የፍራሽ ስፖንጅ ለትንሽ ሸክላ ይበቃል፣ 60 ኪሎ ድንጋይ ሲቀመጥበት ግን ተለጥፎ እንደሌለ ይሆናል። ቅርጹን አስቀምጠው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከግማሽ በላይ ከተጨፈለቀ ጠንከር ባለ ስፖንጅ ይቀይሩ። ድጋፉ መቀመጫውን፣ ጀርባውንና ወገቡን ይያዝ፤ አንገት፣ አፍንጫና ጣት ምንም አይንካቸው። ረጅምና ቀጭን ከሆነ በጀርባው ያስተኙት፤ ሁለት ጫፉን ብቻ ከደገፉት ግን መሀሉ ይሰበራል።

መኪናው ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የአይሱዙ ባሌስትራ ለብዙ ኩንታል ስለተሠራ አንዲት ሣጥን ብቻ ሲይዝ ይዘላል። ከ15 እስከ 20 ጆንያ አሸዋ ወለሉ ላይ ቢደለደል ይረጋጋል፤ ጆንያዎቹም ይታሰሩ። ሣጥኑ ከኋላ ጎማ ፊት ለፊት፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ይቀመጥ። ከኋላ ጎማ ወዲያ ያለው ቦታ እንደ አውቶቡስ የመጨረሻ ወንበር ነው። በአራቱም ጎን ሞራሌ ሸብልቀው ቀበቶውን በሣጥኑ ጠርዝ ላይ ያሳልፉ፤ በክዳኑ መሀል ከጠበቀ ኮምፔንሳቶው ጎብጦ ቅርጹን ይጫነዋል። በክረምት ሸራ ግድ ነው።

ከተነሡ 15 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመው ቀበቶውን ያጥብቁ፤ ስፖንጁ ስለሚሰክን መላላቱ አይቀርም። ከጋሸና ወደ ወልዲያ፣ ዲልብ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ገና ከላይ በከባድ ማርሽ ይግባ፤ ድንገተኛ ፍሬን ሣጥኑን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከወልዲያ ደሴ ባለው 120 ኪሎ ሜትር ደግሞ ብሬከር ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ረዳቱ አስቀድሞ ይንገረው።

ሲደርሱ ወዲያው አይክፈቱ። በተለይ ጭነቱ ከደሴ ብርድ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ከወረደ በቀዝቃዛው ቅርጽ ላይ ጤዛ ይይዛል፤ ጀሶና ቀለም የተቀባ እንጨት ይህን አይወዱም። ሣጥኑ እንደተዘጋ 24 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ የጎኑን ብሎን ፈተው ወደ ፊት ያውጡት፤ ከላይ ስቦ ማውጣት ራሱን ወይም ክንዱን መያዝ ያመጣል። ስብርባሪ ካለ ስፖንጁን ሳያራግፉ ይለቅሙ፣ ከፎቶው ጋር ያስተያዩ፤ ሙጫ ግን አይቀቡ።