ጣውላው ለምን ተሰነጠቀ? የድሬዳዋ የእሁድ አናጢዎች ችግርና መፍትሄ

እሁድ ከሰዓት ፀሐይዋ በረድ ስትል ከዚራ ሰፈር አንድ ጓደኛችን ግቢ እንሰበሰባለን። የኒም ዛፉ ጥላ ስር ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቡና ይቀርባል። ማናችንም በሙያ አናጢ አይደለንም። አንዱ አስተማሪ ነው፣ አንዷ ፋርማሲ ትሠራለች፣ እኔ ቢሮ ነው የምውለው። ሁሉም በሳምንቱ የሠራውን ይዞ ይመጣል፤ ረከቦት፣ በርጩማ፣ የጫማ መደርደሪያ። ሥራው ይገለበጣል፣ መገጣጠሚያው ይነቀነቃል፣ ጉድለቱም ሳይደበቅ ይነገራል።

እዚያ ግቢ ደጋግመን ያየናቸውን ችግሮች ላካፍላችሁ። አብዛኞቹ የመጡት እንጨቱን ሳናሳርፍ ስለቸኮልን ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ላይ ረዘም የምለው።

ጣውላው ጠመመ ወይም ተሰነጠቀ

የመጀመሪያ ጠረጴዛዬ የዋንዛ ነበር። ፊቱ 45 ሳንቲሜትር ስፋት ነበረው። እንዳይነቃነቅ ብዬ ዙሪያውን በብሎን ከእግሩ ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማን። ጠዋት ሳየው ከጫፍ እስከ መሃል ተሰንጥቋል። ያን ቀን በጣም ነበር ያዘንኩት።

ምክንያቱ ውሃ ነው። ደረቅ የሚመስል ጣውላ በውስጡ እርጥበት አለው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከደጋ የመጣ ጣውላ እዚህ ሲደርስ ከአየሩ ጋር እስኪስማማ ውሃውን ይለቃል። ውሃውን ሲለቅ ደግሞ ይጠባል። ቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ስፋቱ ነው። በስፋትም ቢሆን በዕድገት ቀለበቱ ዙሪያ የሚጠበው ወደ ግንዱ መሃል ከሚጠበው እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ የሚጎብጠው በዚህ ነው። እኔ ደግሞ እንዳይጠብ በብሎን ይዤው ነበር። መሄጃ ሲያጣ ተሰነጠቀ።

የተሰነጠቀውን ወዲያው በስቱኮ አትድፈኑ። እንጨቱ ገና እየጠበበ ከሆነ ስቱኮው ተፈልቅቆ ይወድቃል። መጀመሪያ ብሎኖቹን አላሉትና ጥቂት ሳምንት ተዉት። ስንጥቁ መስፋቱን ሲያቆም በስንጥቁ ላይ በመጋዝ ለሁለት ክፈሉት፣ ሁለቱን ጠርዝ በመላጊያ አስተካክሉ፣ ከዚያ በኮላ መልሳችሁ አጣብቁ። ጠረጴዛው በትንሹ ይጠባል እንጂ ይድናል። የእኔው አሁንም ሳሎን ውስጥ አለ።

መልሳችሁ ስታስሩት የብሎኑን ቀዳዳ በስፋቱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉት። ብሎኑ ይይዛል፣ ጣውላውም ሲጠብና ሲሰፋ መንሸራተቻ ያገኛል።

ለሚቀጥለው ሥራ ደግሞ ጣውላውን ገዝታችሁ በነጋታው አትቁረጡ። ጥላ ስር፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩት። በየጣውላው መካከል እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን ቁራጮች አስገቡ፤ አየሩ በሁሉም በኩል ይግባ። ሁለቱን ጫፍ በተረፈ የዘይት ቀለም ቀቡት። ውሃ ከሌላው ቦታ ይልቅ በጫፉ ቶሎ ስለሚወጣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

መድረቁን በምን እናውቃለን? እኛ ጋ ያለው ዘዴ ቀላል ነው። ከጣውላዎቹ አጠር ያለውን አንዱን እንመርጣለን። በየእሁዱ በኩሽና ሚዛን እንመዝነውና ክብደቱን እዚያው እንጨቱ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን። በተከታታይ ሁለት ሦስት እሁድ ቁጥሩ ካልተለወጠ ተዘጋጅቷል ማለት ነው። ይሄን ከጀመርን ወዲህ የሚሰነጠቅብን ሥራ በጣም ቀንሷል።

ያልተሰነጠቀ ግን የጎበጠ ጣውላ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ብዙ ጊዜ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተኝቶ የከረመ፣ በአንድ ፊቱ ብቻ የደረቀ ነው። ጎድጓዳውን ፊት እርጥብ ጨርቅ ላይ አስተኙት፣ ያበጠው ፊት ወደ ፀሐይ ይሁን። በየሰዓቱ እዩት። ቀጥ ሲል አንሱና ሁለቱም ፊት አየር በሚያገኝበት አቁሙት።

ባህር ዛፍን ለጠረጴዛ ፊት ባትጠቀሙ እመርጣለሁ። ሲደርቅ ክፉኛ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። ለድጋፍና ለማይታይ ቦታ ይሁን።

በርጩማው ይንገዳገዳል

አንድ ጓደኛችን ሐረር እናቱ ቤት ሆኖ በርጩማ ሠራ። እዚያ ሲቀመጡበት እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነበር። ድሬ ካመጣው በኋላ በአንድ ወር እግሩ መጫወት ጀመረ። ሐረር ከእኛ 600 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት። እንጨቱ እዚህ ሲደርስ እንደገና ደረቀ፣ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው የእግሩ ጫፍም ቀጠነ።

ብዙ ሰው በክፍተቱ ኮላ ያፈሳል። አይይዝም። ነጭ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይጣበቅም። እግሩን አውጡት፣ አሮጌውን ኮላ በመሮ እስከ እንጨቱ ፋቁ። ከዚያ የእግሩን ጫፍ በመጋዝ መሃሉን ሰንጥቁና ቀጭን ሽብልቅ አዘጋጁ። ጉድጓዱ ወደ ላይ ከዘለቀ ኮላ ቀብታችሁ እግሩን አስገቡ፣ ሽብልቁን ከላይ ምቱ። የሽብልቁ ስፋት የመቀመጫውን ጅማት፣ ማለትም እንጨቱ ላይ በቁመቱ የሚታዩትን መስመሮች፣ ያቋርጥ። በጅማቱ አቅጣጫ ከመታችሁት መቀመጫውን ይፈለቅቀዋል።

ኮላው ለቀቀ

እዚህ ላይ የለቀቀውን ቦታ ማየት ነው። የእንጨት ፍርፋሪ ተቦጭቆ ከሆነ ኮላው ሥራውን ሠርቷል፤ የደከመው እንጨቱ ነው። በሁለቱም ፊት የሚያብለጨልጭ ስስ ቆዳ ካለ ግን ሳትገጥሙት ደርቋል። አቦ፣ የድሬ ሙቀት ኮላ አይታገስም! ቀብታችሁ ስልክ ካነሳችሁ አለቀ።

መጀመሪያ ያለ ኮላ ገጥማችሁ ሞክሩ። ኮላ የሚነካውን ሥራ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከመሸ ሥሩ። ሞርሳ ከሌላችሁ አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቆርጣችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ጠምጥሙበት፤ በጣም ጥሩ ይይዛል። እስከ ነገው ድረስ ክብደት አታሳርፉበት።

በሩ ነሐሴ ላይ አልዘጋ አለ

ዝናብ ሲመጣ እንጨት ያብጣል። ከመላጋችሁ በፊት ማጠፊያውን እዩ፤ ብሎኑ ላልቶ በሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። እሱ ደህና ከሆነ የበሩን ጠርዝ ጠመኔ ቀብታችሁ ዝጉት። መቃኑ ላይ ጠመኔ የታተመበት ቦታ ነው የሚነካው። እሱን ብቻ ስስ አድርጋችሁ ላጉ። በነሐሴ ብዙ የላጋችሁት በር በኅዳር ንፋስ ያስገባል።

ቫርኒሹ አረፋ ሠራ

ወይ ፀሐይ ላይ ቀብታችኋል፣ ወይ ቆርቆሮውን ነቅንቃችኋል። ቫርኒሽ በእንጨት ቀስ ተብሎ ይማሰላል እንጂ አይነቀነቅም። በደንብ ይድረቅ፣ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፣ አቧራውን ጥረጉ። ከዚያ በጥቂት አኳራጅ አቅጥናችሁ ጥላ ስር ስስ አድርጋችሁ ቀቡት።

የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አደራ። ዘይቱን የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ ክብሪት ሳይነካው ሊነድ ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

ከመደርደሪያው ስር ዱቄት ይወርዳል

የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው፤ ከመሬት ወጥቶ የሚመጣ ነው። መስመሩን አፍርሱ፣ የዕቃውን እግር ከአፈር ለዩ፣ ከስሩም የሸክላ ንጣፍ ወይም ብረት አድርጉ።

ጭቃ ሳይኖር 1 ወይም 2 ሚሊሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎችና ስስ ዱቄት ካለ ግን እንጨት የሚበላ ነቀዝ ነው። እሱ የሚወደው ከቅርፊቱ ስር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ነው፣ ስታርች ስላለው። የዋንዛውን ጠቆር ያለ ውስጥ እምብዛም አይነካም። ስለዚህ ነጩን ክፍል ስትቆርጡ አትሳሱለት። የተበላው ጣውላ አንድ ከሆነ ለውጡት።

አሁንም በሕይወት አለ ወይስ አሮጌ ቀዳዳ ነው? ዱቄቱን ጥረጉ፣ ከስሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፉ፣ ዕቃውን ሳትነካኩ በየእሁዱ እዩት። አዲስ ዱቄት ካለ የእንጨት ተባይ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ለሁለት ወር ያህል ወረቀቱ ንጹህ ሆኖ ከቆየ፣ ያልተቀባውን የስር ፊትና ጠርዙን ሳይቀር ቫርኒሽ ቀቡት። ነቀዙ እንቁላሉን የሚጥለው ራቁት እንጨት ላይ ነው።