ልቡ ካርዱ ላይ አልቆም ሲል፦ ክላስ ውስጥ በኤአር አናቶሚ ስታስተምሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ካሜራ ፐርሚሽን ፍቀዱ፣ ሌንሱን ጥረጉ፣ ቻርጅ አድርጉ ምናምን አልላችሁም፣ እሱን ታውቁታላችሁ። እኔ ትምህርት ቤት አይሲቲ ላይ ነው ምሰራው፣ የባዮሎጂ መምህሮቻችን ታብሌትና ካርድ ይዘው ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት በኤአር (የታብሌቱን ካሜራ ስእል ያለበት ካርድ ላይ ስታነጣጥሩ ስክሪኑ ላይ ካርዱ ላይ የቆመ ሚመስል የአካል ሞዴል ሚያሳየው አፕ) ማሳየት ከጀመሩ ወዲህ "ና ተበላሸ" እየተባልኩ ስጠራ ነው ምውለው፣ ስደርስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ነገር ነው።

ችግር 1፦ ልቡ ይንቀጠቀጣል፣ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ወይ ጭራሽ አይመጣም

ምክንያቱ ላሚኔት ያስደረጋችሁት ካርድ ነው። አፑ አይደለም። ደግሜ ልበለው፣ አፑ አይደለም፣ አታጥፉት።

አፑ ካርዱን እንደኛ "አሃ ይሄ የልብ ስእል ነው" ብሎ አያየውም። ስእሉ ላይ ጥቁርና ነጩ ሚገናኝባቸውን ሹል ሹል ጠርዞች እየለቀመ ነው ካርዱ የት እንዳለና በየት በኩል እንደዞረ ሚያሰላው። ላሚኔቱ ላይ የመብራት ነጸብራቅ ሲያርፍ እዛ ጋ ያለው ጠርዝ ሁሉ ነጭ ሆኖ ይጠፋበታል፣ በቀረችው ሲገምት ልቡ ይንቀጠቀጣል፣ ምንም ካልቀረው ደሞ ይጠፋል። በአይን ሲታይ ግን ካርዱ ቁልጭ ያለ ነው፣ ለዛ ነው ማንም ማይጠረጥረው።

አንዲት መምህርት ደውላ "ጠዋት 3 ሰዓት በደንብ ይሰራል፣ ከሰዓት 8 ሰዓት ሲሆን ይሞታል፣ ቫይረስ ነው መሰለኝ" አለችኝ። በራሷ ፓኬጅ ሶስቴ አጥፍታ አውርዳዋለች። ስሄድ ተማሪው "ቲቸር ልቡ ጠፋ! ቲቸር መጣ! ቲቸር ደሞ ጠፋ!" እያለ ክላሱ ገበያ ሆኗል። መስኮቱ ወደ ምእራብ ነው፣ ከሰዓት ፀሃይዋ ቀጥ ብላ ጠረጴዛው ላይ ትገባለች፣ ካርዱ እንደ መስታወት ያበራል። ምንም ሳልነካ የአንዱን ልጅ ደብተር ተቀብዬ መስኮቱና ካርዱ መሃል ከለል አደረግኩት፣ ልቡ መጥቶ መምታት ጀመረ። ደብተሩን አነሳሁት፣ ጠፋ። መለስኩት፣ መጣ። እሷ ግን እስከዛሬ ስልኬ ላይ የሆነ ነገር ነክቼ ነው ሚመስላት።

ሌላ ቦታ ደሞ ርእሰ መምህሩ የላሚኔት ማሽን አስገዝተው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ያለውን ካርድ በሙሉ አስጠቅልለው ጠበቁኝ። "ልጆቹ እንዳያቆሽሹት ብለን ነው ልጄ" ሲሉኝ ምን ልበላቸው።

እንግዲ መፍትሄው፦
መጀመሪያ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ከማጋደም ትንሽ ቀና አድርጉት፣ መጽሐፍ ላይ አስደግፉት፣ ነጸብራቁ ከካሜራው ዞር ይላል። ለዛሬው ክፍለ ጊዜ ይሄ ይበቃል። ለዘለቄታው በተራ ወረቀት እንደገና አትሙትና ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉት፣ ካርቶኑ ዝርግ ይሁን፣ የተጣጠፈ ካርድም ያንቀጠቅጣል። ፊቱ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ! እሱም ያበራል፣ ጠርዙን ብቻ። ላሚኔቱን ልጣችሁ ለማንሳት አትሞክሩ፣ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። የግድ ያንኑ ካርድ ማዳን ካለባችሁ ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት፣ 400 ወይ ከዛ በላይ ቁጥር ያለውን፣ በስሱ እያሻሻችሁ ጭጋግ አልብሱት። በስሱ አልኩ። አንዱ መምህር እንደ በር ፈግፍጎት ኩላሊቱን ጨርሶ አጠፋው።

ችግር 2፦ ሚሰራው ተጠግተው ሲያዩት ብቻ ነው

ካርዱ ትንሽ ነው። ያተመላችሁ ፎቶኮፒ ቤት ወረቀት ለመቆጠብ አንድ ገጽ ላይ አራት አድርጎታል። በግምት የካርዱን ወርድ 10 እጥፍ ያህል ርቀት ነው ሚያነበው፣ 20 ሴንቲ ካርድ 2 ሜትር፣ 8 ሴንቲ ደሞ 80 ሴንቲ። የኋላ ወንበር ላይ ያለ ልጅ ከሩቅ እንዲያነበው አትጠብቁ። ጥቁርና ነጭ መሆኑ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ የፎቶኮፒ ፎቶኮፒ መሆኑ ግን አለው፣ ስእሉ ደብዝዞ ጠርዝ ሚባል ነገር አይቀርም። ልጆቹም ካርዱን በጣታቸው አይሸፍኑት።

ችግር 3፦ ካርድ ማይፈልገው አይነት አፕ አጽሙን መሬት ላይ አላቆምም ይላል

ልሙጥ ነጭ ጠረጴዛና ሊሾ ወለል ላይ ሚይዘው ነገር አያገኝም። አንድ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ዘርጉለት። አሁንም እምቢ ካለ ታብሌቱ ኤአርኮር (ኤአር ሚያስኬደውን የጎግል ሶፍትዌር) ላይደግፍ ይችላል፣ ርካሾቹ ጋ ጋይሮስኮፕ (ታብሌቱ በየት በኩል እንደዞረ ሚያውቀው ሴንሰር) ራሱ የለም፣ ሻጩ "ሁሉንም ይጭናል" ቢላችሁም። እሱ መፍትሄ የለውም፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጎግል ያወጣውን የሚደገፉ ስልኮች ዝርዝር እዩ፣ በተገዛው ግን በካርድ ሚሰራውን አፕ ሞክሩ።

ካርዱን አንብቦ ባዶ ከሆነ፦ ሞዴሉ አልወረደም፣ ማታውኑ ዋይፋይ ላይ አንድ በአንድ ክፈቱት።
መሃል ላይ ከተንቀራፈፈ፦ ግሏል፣ ወፍራም ከቨሩን አውጡለት፣ ቻርጅ እያደረጋችሁ አትጠቀሙ።

ችግር 4፦ ሁሉም ነገር ሰርቶ ልጆቹ ተሳስተው ይወጣሉ

ይሄኛው ብልሽት ተብሎ ስለማይደወልልኝ ነው ሚያናድደኝ። አንድ ክላስ ፈተና ላይ ግማሹ ጉበትን በግራ አድርጎ ስሏል። ምንድነው ስንል፣ ካርዱን አንድ ልጅ ደረቱ ላይ ይዞ በሰልፊ ካሜራ ነው ሲያዩ የከረሙት፣ ሰልፊ ደሞ እንደ መስታወት ይገለብጣል፣ የልብ ጫፍ ወደ ቀኝ፣ ጉበት ወደ ግራ። ሁሌም በኋላ ካሜራ። በኋላ ካሜራም ቢሆን ፊት ለፊት የቆመው ልጅ ግራ በእናንተ ቀኝ ነው፣ ይሄንን አፍ አውጥታችሁ ንገሯቸው። ሰማያዊ የተቀባውም ደም ሰማያዊ ስለሆነ አይደለም፣ ኦክስጅን ያነሰው ለማለት ነው፣ ለዛ ነው ከልብ ወደ ሳንባ ሚሄደው ደም ቅዳ ሰማያዊ፣ ተመላሹ ደም መልስ ቀይ ሚሆነው። "ደም ቅዳ ሁሌ ቀይ ነው" ብላችሁ ያስጠናችሁ እዚህ ጋ ትያዛላችሁ።

መገልበጥ አለመገልበጡን ለማወቅ ካርዱ ጥግ ላይ በእጃችሁ "ግራ" ብላችሁ ጻፉ፣ ስክሪኑ ላይ በትክክል ከተነበበ ደህና ነው። ቀኝ ለማለት "ቀ" ብቻ ግን አትጻፉ፣ እሷ ብትገለበጥም ያው ናት፣ እኔ ራሴ ተሸውጄባታለሁ።