መብራት ሲበራ የሚንቀጠቀጥ ሚኒሞ፦ የአሮጌ መኪናን ችግር እንዴት መለየት ይቻላል?

በሐምሌ ምሽት ዝናብ እየጣለ የፊት መብራቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውንና ማራገቢያውን አብርተው ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ፣ ቀን ጸጥ ብሎ ሲሠራ የዋለው ሞተር ድንገት ዙሩ ይወርድና መሪውን ሳይቀር ማንቀጥቀጥ ይጀምራል። ነዳጅ ሲረግጡ ይስተካከላል፤ እግርዎን ሲያነሡ ይመለሳል። ለዚህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መፍትሔ የሚኒሞውን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር የሚቆጣጠረውን፣ ብሎን ጠምዝዞ ዙሩን ከፍ ማድረግ ነው። እኔ ግን አልመክረውም፤ ብሎኑ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ጉድለቱን አያስወግድም፣ ነዳጅም ያለ ጥቅም ያስፈጃል።

መኪናዎን ከመንካትዎ በፊት የነገሩን ምንነት ይረዱ። መካኒኮች ዲናሞ የሚሉት አልተርኔተር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከሞተሩ ጉልበት ወስዶ ነው። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑት ሁለት የፊት መብራቶች ብቻቸውን 110 ዋት ይወስዳሉ፤ ማራገቢያውና የኋላ መስታወት ማሞቂያው ሲጨመሩ ፍላጎቱ 400 ዋት ሊደርስ ይችላል። አልተርኔተሩ ከተቀበለው ጉልበት ከፊሉን በሙቀት ስለሚያባክን፣ ሞተሩ ለዚህ ወደ 700 ዋት ማለትም አንድ የፈረስ ጉልበት ገደማ ማዋጣት ይኖርበታል። በዝቅተኛ ዙር ላይ ላለ ትንሽ ሞተር ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ስለሚያንስ፣ የሞተሩ ትርፍ አቅም ከመነሻው የተቀነሰ ነው። ስለዚህ ጤናማ መኪና ሸክሙ ሲመጣ ጥቂት አየር ጨምሮ ዙሩን ይጠብቃል፤ ነዳጅና አየር ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቀሉበት በካርቡሬተር መኪና ይህን የሚሠራው በቀጭን የአየር ቱቦ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ዲያፍራም ሲሆን፣ በኢንጀክሽን መኪና ደግሞ በኮምፒውተሩ የሚታዘዝ የአየር ቫልቭ ነው። እንግዲህ የምንመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ሸክሙ ከልክ በላይ ሆኗል ወይስ ሞተሩ ተገቢውን ሸክም መሸከም አቅቶታል?

ሞተሩን በደንብ አሙቀው ሁሉንም ነገር ያጥፉና ያዳምጡ። የአብዛኞቹ መኪኖች ሚኒሞ በደቂቃ ከ650 እስከ 850 ዙር ሲሆን፣ ትክክለኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ምንም ሳይበራ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኤሌክትሪኩን ይተዉና ነዳጁን በብልጭታ ከሚያቀጣጥለው ከካንዴላው ይጀምሩ። ጸጥ ካለ ግን መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ ማሞቂያውን አንድ በአንድ እያበሩ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ይመዝግቡ። ፍሬን ሲረግጡ ብቻ ከወረደ ጥፋቱን በፍሬን መብራቱ ላይ አያድርጉ፤ የፍሬን ማገዣው አየር የሚያስገባ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ቮልት የሚለካ ቴስተር ያስፈልጋል። ለሰዓታት ጠፍቶ በቆየ መኪና ላይ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ አስቀድመው ያስሞሉት፣ የደከመ ባትሪ በራሱ ሸክም ነውና። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይጠበቃል። ሁሉንም አብርተው ዙሩን ወደ 2000 ከፍ ሲያደርጉ ከ13.5 በታች ከቀረ፣ የአልተርኔተሩን ቺንጋ ውጥረትና አልተርኔተሩን ራሱን ይመርምሩ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት ይለውጡ፤ ባትሪው ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት የአልተርኔተሩ ዳዮዶች አንዱ እንደተበላሸ ይጠርጥሩ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ምርመራ የባትሪውን ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው የግራውንድ ገመድ ነው። ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት ይመልሱ። ሞተሩ እየሠራና ሁሉም በርቶ ሳለ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለበት የሞተር ብረት ላይ ያድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ላይ ችግር አለ። እኔ በካርቡሬተር በምትሠራ ኮሮላዬ ለወራት ተቸግሬ፣ በአንድ ጋራዥ ሚኒሞውን ሁለት ጊዜ ካስጨመርኩ በኋላ በዚህ ምርመራ 0.7 ቮልት አገኘሁ። ገመዱ ከውጭ ጥቁርና ንጹሕ ነበር፤ ብሎኑን ፈትቼ ሳነሣው ግን በብሎን ከሚታሰረው የገመዱ ጆሮ ሥር የነበረው መዳብ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ጣቴ ላይ ቀረ። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መልሼ ሳጠብቀው መብራቱ ደመቀ፣ መንቀጥቀጡም ቆመ።

ገመዱ ደህና ከሆነ ሸክሙን ከሞተሩ ለጊዜው ይለዩ። መኪናውን አጥፍተው ከአልተርኔተሩ ጀርባ ያለውን ትንሹን የፕላስቲክ ሶኬት ይንቀሉ፤ ወፍራሙን ገመድ ፈጽሞ አይንኩ። አስነሥተው ሁሉንም ያብሩ፤ ቴስተሩ 12 ቮልት አካባቢ ካሳየ አልተርኔተሩ ማመንጨት አቁሟል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ሞተሩ ራሱ ደካማ ነው፤ ካንዴላውን፣ የካንዴላ ገመዶቹንና ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ቦቢና ይፈትሹ። ከቆመ ግን፣ አልተርኔተሩ ከላይ ያሉትን ፈተናዎች እስካለፈ ድረስ፣ ዙሩን የሚጠብቀው ክፍል ሥራውን አቁሟል ማለት ነው። በኢንጀክሽን መኪና የአየር ቫልቩና የአየር መግቢያው ቢላ በጥቁር ጥላሸት ተሸፍነው ይገኛሉ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ በማጽጃ ይታጠባሉ። በካርቡሬተር ደግሞ ወደ ዲያፍራሙ የሚሄደው ቱቦ ደርቆ ተሰንጥቆ እንደሆነ ጎበጥ እያደረጉ ይመልከቱ።

ዙሩ ምንም ሳይወርድ መኪናው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሞተሩ የተቀመጠባቸው የጎማ ድጋፎች አርጅተዋል።

አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ። አልተርኔተር ለመፈተን ሲባል ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ መንቀል በየጋራዡ የተለመደ ነው። በዚያች ቅጽበት የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልት የአልተርኔተሩን ዳዮድና የኢንጀክሽን መኪናን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ስለሚችል፣ መኪናዎ ላይ ማንም እንዲህ እንዲያደርግ አይፍቀዱ።

ጥገናው ሲያልቅ ሶኬቱን ይመልሱ፤ ቀድሞ የተጨመረ ሚኒሞ ካለም ሁሉንም አጥፍተው ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቁጥር ያውርዱት፤ ከዚያ መብራቱን ያብሩና ዙሩ ባለበት መቆየቱን ያዳምጡ።