አንድ ፎርም ለመመዝገቢያም ለማስተካከያም፦ በስፕሪንግ ቡት

የቤተ መጻሕፍት አባላትን የሚመዘግብ ትንሽ ሲስተም እንውሰድ። ሰው ሲመጣ ይመዘገባል፤ ስልኩን ሲቀይር መዝገቡ ይስተካከላል። የምሠራው በስፕሪንግ ቡት 3 (የጃቫ ዌብ ማዕቀፍ) እና በታይምሊፍ (የኤችቲኤምኤል ገጽ በሚሞላ መሣሪያ) ነው፤ ጃቫ 17 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋችኋል። ፕሮጀክቱን ስትፈጥሩ ዌብን፣ ታይምሊፍን፣ ዳታ ጄፒኤን (የጃቫ ክላስን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን) እና ቫሊዴሽንን (የተሞላው ትክክል መሆኑን የሚያጣራውን) ምረጡ። ቫሊዴሽን ከስፕሪንግ ቡት 2.3 ወዲህ ከዌቡ ጋር አብሮ ስለማይመጣ ለብቻው መጨመር አለበት። የቆየ ምሳሌ ስታዩ «ጃቫክስ» ብለው የሚጀምሩት የጄፒኤና የቫሊዴሽን ኢምፖርቶች በ3 ላይ «ጃካርታ» ሆነዋል።

ጀማሪዎችን ሳሠለጥን ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፤ ለመመዝገቢያው አንድ ቴምፕሌት (የገጹ ቅርጽ ያለበት ፋይል)፣ ለማስተካከያው ሌላ ቴምፕሌት ይሠራሉ። ቆይቶ «የቤት ቁጥርም ይጨመር» ሲባል አንዱ ላይ ተጨምሮ ሌላው ላይ ይቀራል። ሁለቱ ገጾች የሚለያዩት መዝገቡ ቀድሞ መኖሩና አለመኖሩ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ቴምፕሌቱ አንድ ይሁን።

ከቴምፕሌቱ በፊት ግን ክላሱ። ዳታቤዝ ውስጥ የሚቀመጠው ኢንቲቲ «አባል» ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ፣ የተመዘገበበት ቀን፣ የታገደ መሆን አለመሆኑን እና የቨርዥን ቁጥር (መዝገቡ በተቀየረ ቁጥር የሚጨምር) ይይዛል። ከዚህ ለይታችሁ «የአባል ፎርም» የሚባል ሌላ ክላስ ሥሩ፤ በውስጡ ተጠቃሚው የሚሞላቸው ሦስቱ ስሞችና ስልኩ፣ ከእነሱም ጋር የቨርዥን ቁጥሩ ብቻ ይኑሩ። ይህን ሳትሠሩ እንዳታልፉ አደራ እላለሁ። ስፕሪንግ ከብራውዘር የመጣውን ፓራሜትር ስሙ ከሚገጥመው ሴተር (ዋጋ ከሚያስገባው ሜተድ) ጋር ያገናኛል። ኢንቲቲውን በቀጥታ ከሰጣችሁት የታገደ ሰው «የታገደ» የሚለውን ፓራሜትር በራሱ ጨምሮ ልኮ እገዳውን ሊያነሳ ይችላል። የስፕሪንግ ፔት ክሊኒክ ናሙና ኢንቲቲውን በቀጥታ ከፎርሙ ጋር ያያይዛል፤ መለያ ቁጥሩን ግን በኢኒት ባይንደር (ከፎርሙ የመጣው ከመገልበጡ በፊት በሚጠራ ሜተድ) ከልክሎ ነው። እኔ የተለየ ክላስ እመርጣለሁ፤ ነገ ኢንቲቲው ላይ የሚጨመረውን ማንም አስታውሶ መከልከል አይጠበቅበትም።

ቫሊዴሽኑን ፎርሙ ላይ አድርጉ። ለጽሑፍ ኖት ነል አይበቃም (ነል ማለት ጭራሽ ዋጋ የሌለው ነው)፤ ሳይሞላ የተላከ ሳጥን ነል ሳይሆን ባዶ ጽሑፍ ሆኖ ስለሚመጣ ኖት ብላንክ ያስፈልጋል። ለስም የላቲን ፊደል ብቻ የሚቀበል ፓተርን ከሌላ ቦታ ገልብጣችሁ አታስገቡ፤ አበበን በአማርኛ አይቀበልም። ርዝመቱም ላይ ተጠንቀቁ፦ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ኦራክል ላይ 20 ተብሎ የተፈጠረ ቫርቻር2 በመደበኛው ሴቲንግ የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ «ገብረመድኅን» 7 ፊደል ሆኖ ሳለ 21 ባይት ይወስዳልና አይገባም። እዚያ ላይ በቻር እንዲቆጥር ግለጹ። ፖስትግሬስ ራሱ በፊደል ይቆጥራል። ስልክን በ09ም በ07ም በ+251ም ተቀበሉ፤ ሲቀመጥ ግን አንድ መልክ ይኑረው፤ ካልሆነ አንድ ሰው ሁለቴ ይመዘገባል።

ኮንትሮለሩ (ከብራውዘር የሚመጣውን ጥያቄ የሚቀበለው ክላስ) አራት ሜተድ አለው። «/አባላት/አዲስ» በጌት ሲጠራ ባዶ ፎርም ይሰጣል። «/አባላት/12/ማስተካከያ» በጌት ሲጠራ 12ኛውን ፈልጎ ወደ ፎርሙ ይገለብጣል፤ ካላገኘ 404 ይመልሳል። ሁለቱም አድራሻዎች በፖስት ይቀበላሉ፤ የኤችቲኤምኤል ፎርም ጌትና ፖስት እንጂ ፑት አያውቅም። ፖስቱ ላይ ባይንዲንግ ሪዘልት (የቫሊዴሽኑን ስህተቶች የሚይዘው) ከፎርሙ ፓራሜትር ቀጥሎ፣ መሃል ምንም ሳይገባ መቀመጥ አለበት። መሃል ሌላ ፓራሜትር ከገባ የስህተቱ መልእክት ፎርሙ ላይ አይታይም፤ ተጠቃሚው የሚያየው የ400 ገጽ ነው።

ስህተት ካለ ያንኑ ቴምፕሌት መልሱ፤ ሰውየው የጻፈው አይጠፋበትም። ከተሳካ ግን ሁልጊዜ ሪዳይሬክት አድርጉ፣ «ተመዝግቧል» የሚለውንም በፍላሽ አትሪቢዩት (እስከሚቀጥለው ገጽ ብቻ በሚቆይ ዋጋ) ላኩ። ያለዚያ ገጹን ሪፍሬሽ ያደረገ ሰው ያንኑ ፎርም ድጋሚ ይልካል።

ስታስተካክሉ ነባሩን መዝገብ ከዳታቤዝ አውጡና ከፎርሙ የመጡትን ብቻ ቀይሩበት። አዲስ ኢንቲቲ ፈጥሮ መለያና የቨርዥን ቁጥሩን ሰጥቶ ሴቭ ማለት ያጥራል፤ ግን ጄፒኤ ሜርጅ ሲያደርገው (በነባሩ መዝገብ ላይ ሲገለብጠው) ፎርሙ ላይ የሌለው ሁሉ፣ የተመዘገበበት ቀን ጭምር፣ ይጠፋል።

ቴምፕሌቱ ቀላል ነው፤ በ«ቲኤች» የሚጀምሩት የታይምሊፍ አትሪቢዩቶች ናቸው። ቲኤች ኦብጀክት ፎርሙን ይይዛል፤ ቲኤች ፊልድ የሳጥኑን መለያ፣ ስምና ዋጋ አንድ ላይ ይሞላል፤ ቲኤች ኤረርስ መልእክቱን ያሳያል፤ መልእክቱም «የአባት ስም አልተሞላም» እንደሚለው ያለ ንጹሕ አማርኛ ይሁን። የሚላክበትን አድራሻ ኮንትሮለሩ በሞዴል ይስጥና ቲኤች አክሽን ይቀበለው። ስፕሪንግ ሴኩሪቲ ካለ ቲኤች አክሽን የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ፎርሙ ከራሳችሁ ገጽ መላኩን የሚያረጋግጠውን) ራሱ ያስገባዋል፤ በተራው አክሽን ከጻፋችሁት ግን ቶክኑ ስለማይገባ ፖስቱ በ403 ይመለሳል።

የቀረው ሁለት ሠራተኞች አንድን አባል በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ የሚሆነው ነው። ኢንቲቲው ላይ ቨርዥን አኖቴሽን ማድረግ ብቻውን እዚህ አይረዳም፤ በፖስቱ ጊዜ መዝገቡን አዲስ ስለምናወጣው ቨርዥኑም አዲስ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን በተደበቀ ሳጥን ፎርሙ ላይ አስቀምጡ፣ ፖስቱ ሲመጣ ከወጣው መዝገብ ጋር በእጃችሁ አወዳድሩ፤ ካልገጠመ በሪጀክት (ባይንዲንግ ሪዘልቱ ላይ ስህተት በሚጨምረው ሜተድ) «ይህን መዝገብ ሌላ ሰው ቀይሮታል» በሉና ፎርሙን መልሱ። አኖቴሽኑንም አታንሱት፤ ሁለቱ ፖስቶች በአንድ ቅጽበት ከደረሱ የሚይዘው እሱ ነው። ለመሞከር አንዱን አባል በሁለት ታብ ክፈቱ፣ በአንዱ ስልኩን ቀይራችሁ አስቀምጡ፣ ከዚያ በሌላው የአያት ስሙን ቀይራችሁ ላኩ፤ ሁለተኛው ላይ መልእክቱ መውጣት አለበት፣ ስልኩም የመጀመሪያው ታብ ያስቀመጠው እንደሆነ ይቆይ።